በሰው እጅ ያደገ አቦሸማኔ ወደ ዱር ይለቀቅ ወይስ ማቆያ ይኑር?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሆለታ አካባቢ ባለው የእንስሳ ኮቴ ማቆያ ስለሚኖሩት አቦሸማኔዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። ከሞት ተርፈው ጤናቸው ከተመለሰ ለምን ወደ መጡበት በረሃ አይለቀቁም? ጥያቄው ከደግ ልብ የሚመጣ ነው። የእኔ አቋም ግን ሌላ ነው። ገና ጡት ሳይጥል ከእናቱ ተነጥቆ በሰው እጅ ያደገ አቦሸማኔን ሜዳ ላይ መልቀቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ነፃ ወጣ ለመባል ብቻ እንስሳው መሞት የለበትም።

ቦታውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። እንስሳ ኮቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ 77 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈ ነው። የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ ነው። አንበሳ አለ፣ አቦሸማኔ አለ፣ ጦጣና ኤሊም አለ። ብዙዎቹ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ የተያዙ ወይም በሰው ግቢ ታስረው የተገኙ ናቸው። መካነ አራዊት አይደለም። እንስሳቱ እንዲዋለዱም አይደረግም፤ አጥር ውስጥ ተወልዶ አጥር ውስጥ የሚሞት ሌላ ትውልድ ማብዛት ዓላማው አይደለምና።

የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል። ማደን የሚማረው፣ ከማን መሸሽ እንዳለበት የሚያውቀው ያኔ ነው። ነጋዴው ግን የሚወስደው ገና በሳምንታት ዕድሜው ነው። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 300 ያህል ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ይወሰዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት መሠረት ደግሞ በዓለም ላይ በዱር የቀረው አቦሸማኔ 7,100 ግድም ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የተረፈው ዕድሜ ልኩን ሰፊና ጸጥ ያለ ቦታ ይኑር። ጉልበታችን ግን ቀጣዩ ግልገል ከእናቱ ሥር እንዳይወሰድ በማድረጉ ላይ ይዋል። እናንተስ?

(ከታች ያለው የመጡት መልሶች ፍሬ ነገር ነው። ዘግይቶ ለሚገባ አንባቢ እንዲመች በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል አድርጌበታለሁ።)

መልስ 1

በጨዋ ሰላምታ የጀመረ ነው። በሐሳቤ ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን ጠየቀ። የቤት ድመት አይጥ መያዝ ማንም አላስተማራትም፤ ታዲያ አቦሸማኔ ለምን አስተማሪ ይፈልጋል ነው ጥያቄው። በደም ያለ ነገር በአጥር አይጠፋም ባይ ነው። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ራሴ ከመመለሴ በፊት ሌላ ሰው እስኪመልሰው ጠበቅሁ።

መልስ 2

የመለሰችው የእንስሳት ሕክምና የተማረች እህት ናት። ማባረር በደም ነው፣ መግደል ግን ትምህርት ነው ብላ ለየችው። እናቲቱ ትንሽ የሚዳቋ ግልገል ከነነፍሱ ይዛ ትመጣና ልጆቿ ፊት ትለቀዋለች። እነሱ ይሯሯጣሉ፣ በመዳፋቸው ይጥሉታል፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርጉ ይጠፋቸዋል። የተጣለው ተነስቶ ይሮጣል። እንደገና ይጥሉታል። እናት ዳር ቆማ ታያለች፣ ሊያመልጥ ሲል ብቻ ትገባለች። ጉሮሮውን ከሥር ነክሶ ትንፋሹ እስኪቆም ደቂቃዎች አጥብቆ መያዝን የሚለምዱት በዚህ ዓይነት ልምምድ፣ ወራት ፈጅቶባቸው ነው። የአቦሸማኔ ጥርስ እንደ አንበሳ ትልቅ አይደለም። አያያዙን ካላወቀ ይራባል፣ ወይም በእንስሳው እግር ተመትቶ ይጎዳል።

አይጥ የምትይዝ ድመት አይጥ ብታመልጣት ጎድጓዳ ሳህኗ ውስጥ ምግብ ይጠብቃታል፤ ሜዳ ላይ ግን የሚጠብቅ ሳህን የለም ብላ ጨረሰች። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

መልስ 3

ይህ ተሳታፊ ጠንከር ያለ መከራከሪያ ይዞ መጣ። ኬንያ ውስጥ ጆይ አዳምሰንና ባለቤቷ ጆርጅ ያሳደጓትን ኤልሳ የተባለች አንበሳ አነሳ። ወደ ዱር ተመልሳ ልጆች ወልዳለች። ቀጥሎም ፒፓ የተባለችውን አቦሸማኔ አነሳ። ሰው ቤት ያደገች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያው ኬንያ ሜሩ ውስጥ ተለቅቃ አራት ጊዜ ወልዳለች። ከስልሳ ዓመት በፊት ከተቻለ ዛሬ ለምን አይቻልም አለ። አይቻልም የሚሉት ድርጅቶች ለእርዳታ መለመኛ የሚሆናቸው እንስሳ እንዳይጎድልባቸው ነው ብሎም ጨመረ። የመጨረሻዋን አልወደድኳትም። የፒፓ ነገር ግን እውነት ነው፣ ዘለን ልናልፈውም አይገባም።

መልስ 4

ለመልስ 3 የተሰጠ ማስተካከያ ነው። ኤልሳ ዱር መመለሷ እውነት ቢሆንም አምስት ዓመት ሲሆናት፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ በመዥገር በሚተላለፍ በሽታ እንደሞተች አስታወሰ። ፒፓም እንዲሁ ተለቅቃ የተተወች አልነበረችም። ጆይ አዳምሰን እዚያው ድንኳን ተክላ ነበር የምትከታተላት፤ ሥጋም ትወስድላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 እግሯ ተጎድቶ ሕክምና ላይ ሳለች ሞተች። አንድ ሰው ሙሉ ሕይወቱን ለአንድ እንስሳ ሰጥቶ፣ ያውም የዱር አራዊት በሞላበትና ሰው ባልሰፈረበት መሬት፣ የተገኘ ውጤት ነው። በየዓመቱ ለሚያዙት ለእነዚህ ሁሉ ግልገሎች ያንን ማን ሊያደርግላቸው ይችላል ሲል ጠየቀ።

እኔም እንደዚሁ አስባለሁ። ፒፓ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ዝግ እንዳልሆነ ታሳያለች። ክፍት ለመሆን ግን ምን ያህል እንደሚጠይቅም የምታሳየው እሷው ናት።

መልስ 5

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ልጅ በረሃብ በሚያድርበት አገር አቦሸማኔ ሥጋ ሲቀለብ ማየት ያሳፍራል አለ። ለመነሻ ጽሑፉም፣ ማለትም ለእኔ፣ ሆድ ሲሞላ የሚመጣ ሐሳብ ነው የሚል ነገር ወረወረ። አልተቀየምኩም። በዚህ አገር ይህን ጥያቄ ያልሰማ የእንስሳት ተቆርቋሪ የለም።

መልስ 6 እና 7

6ኛው በቁጣ መለሰ። ገንዘቡ ለእንስሳት ተብሎ የተዋጣ ነው፣ ማቆያው ነገ ቢዘጋ ለአንድ ሕፃን አንድ ዳቦ አይጨምርም አለ። 7ኛዋ ለዘብ አድርጋ አስታረቀች። የ5ኛው ንዴት ከየት እንደመጣ ይገባኛል ብላ ጀመረች። ግን እንስሳውን ችግር ውስጥ የከተተው ሰው ነው፤ ከሰው እጅ ሲወጣም የሚያኖረው ሰው መሆኑ ተገቢ ነው አለች። አገር ያለ አውሬ ለልጆቿ ምን ታወርሳለች ብላም ጠየቀች። 5ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 8

አንድ አንጋፋ ተሳታፊ የጎዴን ነገር አስታወሰን። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎዴ ውስጥ ሁለት የአቦሸማኔ ግልገሎች አንገታቸው በገመድ ታስሮ ተገኙ። ባለቤቱ ለሰው መዝናኛ ያደባድባቸው ነበር። አንደኛው ዓይኑ ተጎድቶ ነበር። በአካባቢው የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች አይተው ጉዳዩን ገፉበትና በአውሮፕላን አዲስ አበባ መጥተው ቤተ መንግሥት ግቢ እንዲገቡ ተደረገ። ያኔ ለእንዲህ ዓይነት እንስሳ የተዘጋጀ ማቆያ አልነበረም ይላሉ እሳቸው። አሁን ቦታ መኖሩን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት ሲሉም መከሩ።

እሳቸው የነገሩን ነገር አንድ ያስተምራል። ገመዱ አንገት ላይ የሚተወው ምልክት ጸጉር ሲያድግበት ሊደበቅ ይችላል። የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም። ለአንድ አዳኝ ደግሞ ርቀት መገመት ማለት መብላትና አለመብላት ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ልቀቁት የሚል ሰው አንድ ዓይን ይዞ በዚያ ፍጥነት መሮጥን ያስብ።

መልስ 9

አጭር ጥያቄ። የምናወራው ስለ ነብር ነው ወይስ ስለ አቦሸማኔ? በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚለጠፈው ፎቶ ተደበላልቆበታል።

መልስ 10

ፊቱን እይ አለው አንዱ። ከዓይኑ ጥግ ተነስቶ እስከ አፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር ካለው አቦሸማኔ ነው። ነጠብጣቡም ድፍን ክብ ነው፤ የነብር ግን መሐሉ ክፍት የሆነ አበባ ይመስላል። ግልገል ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ ረጅም አመድማ ጸጉር አለው።

መልስ 11 እስከ 13

እዚህ ጋ ወሬው ትንሽ ወጣ አለ፤ ግን ደስ የሚል መውጣት ነው። 11ኛዋ አቦሸማኔ ማግሳት ይችላል ወይ ብላ ጠየቀች። 12ኛው አይችልም፣ እንደ ቤት ድመት ያንኮራፋል እንጂ አለ። ልጆቹና እናቲቱ ሲጠራሩ ደግሞ የወፍ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ያወጣሉ፤ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዛፍ ላይ ወፍ ይፈልጋል። 13ኛው ስለ ቤቱ ድመት ረጅም ታሪክ ጻፈ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም የድመታቸውን ፎቶ ለጠፉ። ዘለልኩት።

የማንኮራፋቱን ነገር ግን አልዘለልኩትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። አቦሸማኔ ከትልልቆቹ ድመቶች ሁሉ ለሰው ገራም ነው። እያንኮራፋ ሲጠጋህ ለማዳ ይመስልሃል። ለማዳ ግን አይደለም። ሰውን መፍራት ብቻ ነው ያጣው። ዱር ውስጥ የሚያኖረውን ፍርሃት ያጣ አውሬ ቀጥ ብሎ ወደ ሰው መንደር ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀውን ሁላችንም እናውቃለን።

መልስ 14

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከሶማሌ ክልል ነው፤ ቤተሰቡ አርብቶ አደር ነው። ሁላችሁም ስለ አቦሸማኔው አወራችሁ፣ ስለ ፍየሏ ያነሳ የለም ብሎ ጀመረ።

አቦሸማኔ እንደ ጅብ በሌሊት አይመጣም። ቀን፣ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት፣ መንጋው ተበትኖ ሲግጥ ነው የሚመጣው። ጠባቂው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ልጁ ጩኸት ሰምቶ ሲዞር አንድ ግልገል ፍየል የለችም። ያቺ ፍየል ወተት ናት፣ የትምህርት ቤት ደብተር ናት፣ ሲታመሙ መታከሚያ ናት። ድሮ ሚዳቋው ብዙ ስለነበር አቦሸማኔውም እኛ ጋ እምብዛም አይደርስም ነበር ይላል። አሁን ሚዳቋው አልቋል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሰዎች ዱካ ተከትለው ግልገሎቹን ያገኛሉ። ደላላ ስልክ ይደውላል። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ አባት ምን ይበል?

ራሱ ሸጦ እንደማያውቅ፣ ጎረቤታቸው ግን አንድ ጊዜ ግልገል አምጥቶ እንደነበር ጻፈ። ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው የፍየል ወተት ሰጡት። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍ ሲጮህ አደረ። ተቅማጥ ያዘው፣ ደከመ፣ ደላላው ሳይመጣ ሞተ። ከዚያ የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር። ሆለታ ያለው አቦሸማኔ ሥጋው በሰዓቱ ይቀርብለታል። የእኔን ፍየል ማን ከፈለ?

ይህን ጥያቄ ጥሎ ስለ ማቆያ ብቻ ማውራት አይቻልም። ማቆያው የሚቀበለው ከእሱ ሜዳ የተወሰደውን ነው። የሜዳው ነገር ካልተስተካከለ 77 ሄክታርም ሌላ 77 ሄክታርም ይሞላል።

መልስ 15

ይሄኛውን ባላየው እወድ ነበር። 14ኛውን ሌባ አለው። ጎረቤትህን ለምን ለፖሊስ አልጠቆምክም፣ ተባባሪ ነህ፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ እያለ ስድብ አወረደ። አዋጁ መኖሩ ትክክል ነው፤ የዱር እንስሳን ያለፈቃድ መያዝና መነገድ ወንጀል ነው። አዋጅን ግን ሰው ላይ እንደ ድንጋይ መወርወር ማንንም አያስተምርም።

መልስ 16

8ኛውን መልስ የጻፉት አንጋፋ ተመልሰው መጡ። ልጄ፣ ተው አሉት። እውነቱን በግልጽ የነገረንን ሰው ብናሳድደው ነገ የሚነግረን አይኖርም፣ ያኔ የምናውቀው ግልገሉ ወደብ ላይ ሲያዝ ብቻ ነው አሉ። 15ኛው ይቅርታ አልጠየቀም። ዝም ግን አለ።

መልስ 17

ለ14ኛው ጥያቄ ተግባራዊ መልስ የሞከረችው የመልስ 2 ጸሐፊ ናት። ናሚቢያ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለገበሬዎች ትልልቅ የመንጋ ጠባቂ ውሾችን ሲሰጥ ቆይቷል። ውሻው ከቡችላነቱ ከፍየሎቹ ጋር ያድጋል፤ መንጋውን እንደ ቤተሰቡ ያያል። አቦሸማኔ ቀጭን ነው፣ ሰውነቱ ለሩጫ እንጂ ለጠብ አልተሠራም። እግሩ ከተጎዳ ማደን አይችልምና ትልቅ ውሻ ቆሞ ሲጮህበት አይጋፈጥም፤ ትቶ ይሄዳል። በእሾህ አጥር ማጠር ጅብን ለመከላከል ጥሩ ነው፤ አቦሸማኔ ግን ቀን ስለሚመጣ አጥሩ ብዙም አይረዳም። ቀን ከመንጋው ጋር አዋቂ ሰውና ውሻ ነው የሚያስፈልገው።

መልስ 18

14ኛው መለሰ፣ በጣም በጨዋነት። እህቴ ስላከበርሽኝ አመሰግናለሁ አለ። ያ ሁሉ ውሻ ምን ይበላል ብሎ ግን ጠየቀ። በድርቅ ወር ሰው ያልጠገበውን ወተት ለውሻ የሚሰጥ የለም። በአዋቂ ሰው መጠበቁን ግን ተስማማበት። አባቱ ሚዳቋ በሚጠፋበት ወቅት ልጆችን ብቻቸውን ከመንጋ ጋር እንደማይልኩ ጻፈ። በእነዚያ ወራት የጠፋባቸው ፍየል ትንሽ ነበር። አሁን ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ከተማ ስለገባ አዋቂ እረኛ የለም።

ችግሩ ከአቦሸማኔ ተነስቶ የት እንደደረሰ ተመልከቱ።

መልስ 19

ወደ ማቆያው መለሰን። ቆላ የለመደ እንስሳ ሆለታ ብርድ ላይ ማኖር ጭካኔ አይደለም ወይ የሚል ነው። ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ሌሊቷ ያንቀጠቅጣል።

መልስ 20

ኢራን ውስጥ ያሉት ጥቂት የእስያ አቦሸማኔዎች በረዶ በሚጥልበት አገር እንደሚኖሩ ጠቀሰ። ብርዱ ሳይሆን እርጥበትና ነፋስ ነው የሚጎዳው፣ ደረቅ ማደሪያ ካለው ይቋቋማል አለ። 19ኛው በከፊል ተቀበለ። ቢሆንም ቆላ ላይ ሁለተኛ ማቆያ ቢኖር ይሻላል ባይ ነው። እዚህ ላይ ከ19ኛው ጋር ነኝ። ሶማሊላንድ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከሐርጌሳ ከተማ ወጣ ብሎ ጌድ ዴብሌ በሚባል ቦታ ትልቅ ማዕከል ሠርቷል፤ ከ90 በላይ አቦሸማኔዎችን ይዟል። ከእነዚያ ብዙዎቹ ከእኛ ድንበር ተሻግረው የተወሰዱ ናቸው። በእኛም በኩል ለመጡበት ምድር ቀረብ ያለ ቦታ ቢኖር ግልገሎቹ ረጅም የመኪና መንገድ ሳይጎዳቸው ሕክምና ያገኙ ነበር።

መልስ 21

እንስሳቱ ሲመጡ ምን ዓይነት ጉዳት ይዘው ይመጣሉ ለሚል ጥያቄ የመጣ መልስ ነው፤ ጥያቄው ውስጡ ስለተመለሰ ለብቻው አላስቀመጥኩትም። ሰው ቤት ያደገ ግልገል ብዙውን ጊዜ አጥንት የሌለው ጥሩ ሥጋ ነው የሚበላው። ባለቤቱ እያሞላቀቀው ይመስለዋል። ሥጋ ብቻ ግን ካልሲየም የለውም። አጥንቱ ይሳሳል። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ይንጋደዳሉ፣ ሲዘል ይሰበራል። ዱር ውስጥ እናቱ የምታበላው ግን ከነለስላሳው አጥንት፣ ከነጉበቱ ነው። ማቆያ ሲገባ መጀመሪያ የሚስተካከለው ምግቡ ነው። ሥጋው ከነአጥንቱ ይሆናል፣ ማሟያ ይጨመርበታል። ዱር ውስጥ በየቀኑ ስለማይበላ በሳምንት አንድ ቀን ማስጾምም የተለመደ አሠራር ነው። የተንጋደደ እግር ግን ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ አይቃናም። ያ እንስሳ ይኖራል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይንጎራደዳል፤ ሚዳቋ ግን መቼም አይደርስም።

መልስ 22 እና 23

22ኛው ከባሕረ ሰላጤው አገር የጻፈ ነው። መኪና ውስጥ የተቀመጠ አቦሸማኔ አይቶ ያምር እንደነበር ተናገረ፤ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። 23ኛዋ ግን አለቀቀችውም። ያ ያማረህ አንድ ግልገል እስኪደርስ ስንቱ መንገድ ላይ እንደሞተ ታውቃለህ ብላ ጠየቀችው። በጀልባ፣ በካርቶን፣ በጆንያ ነው የሚሄዱት። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች አደገኛ አውሬ ቤት እንዳያሳድጉ ከልክላለች፤ ስለዚህ ባህላቸው ነው አትበል አለችው። አለሳልሳ ብትናገረው ደስ ይለኝ ነበር። የተናገረችው ግን ልክ ነው። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ላይክ የሚያደርግ ጣት ለነጋዴው ማስታወቂያ ይሠራል።

መልስ 24 እስከ 27

ስለ ስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ክርክር ተነሳ። ልጅነታቸውን ያስታወሱ ነበሩ፣ ቦታው ጠባብ ነበር ብለው ያዘኑም ነበሩ። 26ኛው የዚያ ግቢ አንበሶች በዘር ከሌሎች የተለዩ መሆናቸውን ያሳየ እ.ኤ.አ. የ2012 ጥናት እንዳለ አነሳ፤ ትክክል ነው። 27ኛው ወደ ርዕሳችሁ ተመለሱ አለ። ባይል ኖሮ አሁንም እዚያው ነበርን።

መልስ 28

ህንድን አምጥቶ መልስ 3ን ለመደገፍ ሞከረ። ህንድ አቦሸማኔዋን እ.ኤ.አ. በ1952 ጠፍቷል ብላ አውጃ፣ በ2022 ስምንት ከናሚቢያ ወደ ኩኖ ብሔራዊ ፓርክ አመጣች፤ በ2023 ደግሞ 12 ከደቡብ አፍሪካ። እነሱ ከቻሉ እኛም እንችላለን አለ። ማንም ሳይቀድመኝ መለስኩለት። ከደቡብ አፍሪካ የሄዱት ዱር ያደጉ፣ ማደን የሚያውቁ እንስሳት ናቸው፤ በሰው እጅ ያደገን ግልገል የሚመለከት ማስረጃ አይሆኑም። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት በርካቶች ሞተዋል። ከዱር የተወሰደ አዋቂ እንደዚያ ከተቸገረ በካርቶን ያደገው ምን ይሆናል?

ይሄው ሰው ደግሞ ዱር ውስጥም ቢሆን ግልገሎቹ 95 በመቶ ይሞታሉና ነጋዴው ወሰዳቸው አልወሰዳቸው ለውጥ የለውም የሚል ነገር ጻፈ። አስደነገጠኝ።

መልስ 29

የመልስ 2 ጸሐፊ ቁጥሩን አስተካከለች። ያ ቁጥር አንበሳ ከሞላበት ከሴሬንጌቲ ሜዳ የመጣ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ካላሃሪ በተደረገ ጥናት በሕይወት የሚተርፈው ከሦስት አንድ ያህል ነበር። በእኛ ቆላ አንበሳ እምብዛም በሌለበት የአቦሸማኔ እናት ልጆቿን የማሳደግ ዕድሏ የሴሬንጌቲን ያህል ጠባብ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞም ነጋዴው የሚወስደው ሊሞት የነበረውን መርጦ አይደለም፤ ጎሬው ውስጥ ያገኘውን በሙሉ ነው የሚያፍሰው። 28ኛው አመስግኖ ተቀበለ። ክርክር እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

መልስ 30

14ኛው የመጨረሻ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። ልጆች ሜዳ ላይ ግልገል አግኝተው ቤት ይዘው ቢመጡ ምን ይደረግ? የእነሱ ቀበሌ ከከተማ ሩቅ ነው። ኔትወርክም አንዳንዴ ነው የሚኖረው።

መልስ 31

ብዙዎች ተረባርበው መለሱለት፤ ዋና ዋናውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ከሁሉ በፊት አታንሱት። እናት አቦሸማኔ ለአደን ስትሄድ ልጆቿን ሣር ውስጥ ደብቃ ለረጅም ሰዓት ትቆያለች፤ ብቻውን የተገኘ ሁሉ እናቱ የሞተችበት አይደለም። ልጆቹ ዛሬ አምጥተውት ከሆነ ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ፣ ያነሱበት ቦታ መልሰው ራቅ ይበሉ፤ ሰው ካለ አትመጣም። እናቲቱ መሞቷ በእርግጥ ከታወቀ ግን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለፖሊስ ይነገር፤ እነሱ ለዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ያስተላልፋሉ። እስኪመጡ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ሕፃናት አይነካኩት፣ አንገቱ ላይ ገመድ አይግባ። የላም ወተት ተቅማጥ ያመጣበታል፣ አትስጡት፤ ውኃ አይከልከል። ደላላ ቢደውል ደግሞ ለማዳንም ቢሆን ገዝቶ ማስቀረት አይረዳም፤ የተከፈለው ብር ሌላ ግልገል ያስመጣል።

14ኛው ይህንን በሶማሊኛ ጽፎ ለአካባቢው መምህር እንደሚልክ ነገረን። የመልስ 2 ጸሐፊ ከመላኩ በፊት የሕክምናውን ክፍል አብራው ልታይ ተስማማች። 16ኛው አንጋፋ ደግሞ የአዋቂ እረኛውን ጉዳይ ለብቻው በሌላ የውይይት ርዕስ እንክፈተው ብለዋል። የከብት ጥበቃ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ ከአፋርና ከቦረና፣ እዚያ ግቡና ጻፉ።